መምህርት ዘነቡና የአደባባዩ ጅራፍ

መምህርት ዘነቡ ከተማችንን ለቅቃ መሄዷን የሰማሁት ፀጉሬን እየተስተካከልሁ ነው። አስተካካዩ ምላጩን ማጅራቴ ላይ እንዳሳረፈ፣ «ያቺ የሥዕል መምህርት ሄደች አሉ። ባሏ ደቡብ ሥራ አግኝቶ ጓዛቸውን ጠቅልለው ትናንት ተሳፈሩ» አለኝ። ምላጭ ማጅራቱ ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ አይጠይቅም። ሳልሰናበታት መቅረቴ ቅር አሰኝቶኛል። ግን ስንብት እንደማትወድ አውቃለሁ። የሌላ መምህር ሽኝት ላይ እንኳ ስጦታውን አቀብላ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ሹልክ ብላ የምትወጣ ሰው ነበረች።

እኔ ሰው ለማመስገን የምቸኩል አይደለሁም፤ ልጆቼ ይህን ይመሰክራሉ። ምስጋና ሲበዛ ሰው ያበላሻል ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቼንም በዚሁ ነው ያሳደግኋቸው። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁም። ፊደል የለየሁት በጎረምሳነቴ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከስንዴ ጆንያ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። የቀረውን በራሴ ሞላሁት። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው፣ መምህር የተባለ ሁሉ አያስደነግጠውም። ነገር ግን አደባባያችን ላይ የቆመውን ጅራፍ በየዓመቱ ቡሄ ሲደርስ ገመዱን እያደስን እናጮኸዋለን፤ እንዴት እንደቆመ የማያውቁ ልጆች ደግሞ እየበዙ ሄደዋል። አንዳንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ከአዲስ አበባ አስመጥቶት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ስለሆነ፣ እሷም ራሷ አፍ አውጥታ እኔ ነኝ የማትል ስለሆነች፣ እኔ እጽፈዋለሁ።

ቁመቷ አጭር፣ አረማመዷ የሚሮጥ ሰው ዓይነት ነበር። የግራ እጇ አንጓ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠመጠማል፤ ዛሬ ሲባጎ፣ ነገ የላስቲክ ቁራጭ፣ ከነገ ወዲያ ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ የካልሲ አፍ። ከሰው ጋር ቆማ ስታወራ እጇ ሥራ አይፈታም። የጋቢህን ጫፍ ይዛ ሳብ ታደርገውና ትለቀዋለች፤ ዓይኗ ግን ፊትህ ላይ ነው። መጀመሪያ የማያውቃት ሰው ይቆጣል። አንድ ጊዜ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀበቶው ላይ ያለውን ላስቲክ ልትጎትትበት እጇን ስትዘረጋ፣ ወደ ኋላው ሸሽቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ስለ ማናቸውም ነገር የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር። «መለጠጡንስ ሁሉም ይለጠጣል። ይመለሳል ወይ?» ትላለች።

ይህን ጥያቄ እኔ ወስጄ ለልጆቼ አድርጌዋለሁ። ወጣት ሁሉ ይለጠጣል፤ ከተማ ያያል፣ ጓደኛ ያበዛል፣ ወላጁን ይንቃል። እኔ የማየው መመለሱን ነው።

መጀመሪያ ያየኋት ወፍጮ ቤቴ መጥታ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ጤፉንና ገብሱን ይዞ ተሰልፏል። ሰልፉን አልፋ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደችና፣ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ ጎንበስ ብላ ታየው ጀመር።

«ሴትዮ፣ ነጠላሽን ይበላዋል። ዞር በይ» አልኋት።

«ነጠላዬን አስሬዋለሁ፣ ጋሼ። ያረጀ ቺንጋ አለዎት?»

«አለኝ። ለምንሽ ነው?»

«ልጎትተው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እለቀዋለሁ።»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ቺንጋ አውርጄ ሰጠኋት። አንዱን ጫፍ በእግሯ ረግጣ፣ ሌላውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ እስኪቀላ ጎተተችና ለቀቀችው። ቺንጋው እንደተዘረጋ መሬት ላይ ተኛ።

«ሞቷል» አለች።

«ስለሞተ ነው እኮ የሰቀልሁት።»

«አውቃለሁ። ለመሞት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት ነው ማወቅ የፈለግሁት» አለችና፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ፀሐይ ያገኘው እንደነበር፣ ሲቀዘቅዝ ይንሸራተት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መለስሁላት። በማግስቱ ተመልሳ መጥታ አዲሱን ቺንጋ ስትለምነኝ ግን ከደጅ ነው የመለስኋት።

ልጄ ትርንጎ በዚያ ዓመት የእሷ ተማሪ ነበረች። ቤት ውስጥ የእኅቷን ካልሲና የጥጃውን ማሰሪያ እየጎተተች አስቸገረች። የምን ትምህርት ነው ብላት፣ «ሥዕል ነው» አለችኝ። በእኔ አስተያየት ሥዕል በወረቀት ነው የሚሠራው። ይሁንና የመምህርን ሥራ ልጅ ፊት መንቀፍ አልወድም።

በዚያው ዓመት ቡሄ ሳይደርስ አደባባዩ ላይ አንድ ነገር ይቁም ተባለ። ከተማችን ደብረ ታቦር በዚህ በዓል ስም የምትጠራ ሆና ሳለ፣ አደባባዩ ባዶ መሆኑ ያሳፍራል ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። ከእኔ ጋር በዜማ ብዙ ደቀ መዝሙር ያወጡት መሪጌታ ላቀው ነበሩ፤ በያጁ ኑሩም ነበር። ኑሩ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሥራውን ግን የማይቀልድበት ሰው ነው። መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ የሲሚንቶ አንበሳ ነበር። እኔ የሲሚንቶ አንበሳ አልጠላም። አይነክስም፣ አይወድቅም።

መምህርት ዘነቡ ሳትጠራ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አንድ የልጅ ጅራፍ አኖረች።

«እኔ የምሠራው ይህንን ነው» አለች። «ከመብራት ምሰሶ የሚረዝም የብረት ቱቦ እናቆማለን፤ ጫፉ እንደ ሰው ክንድ ይታጠፋል። ከክንዱ ላይ ጅራፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሰው ጭራውን ይዞ ይጎትታል፤ ሲለቀው ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ይጮኻል።»

«ሐውልት ይጮኻል?» አሉ መሪጌታ።

«ይሄኛው ይጮኻል፣ የኔታ።»

«ጅራፍ የወንድ ልጅ ነገር ነው። አንቺ አጩኸሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «እብናት ሳድግ ወንድሞቼ ያጮኹ ነበር። እኔ ሙልሙል አቀባይ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ብለምናቸው፣ ክንድሽ ይወልቃል አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላጮኽሁም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ሰው የሚያሳዝነውን ነገር እንዲያዝኑለት ሳይሆን እንዲያውቁለት ሲናገር ደስ ይለኛል። ቢሆንም ኀዘኔታ ሌላ፣ ኃላፊነት ሌላ ነው። እኔ ተቃወምሁ። የሚለጠጥ ነገር አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ደግሞ ከሥሩ የሚቆመው የሰው ልጅ ነው። የምትጠቀሚበትን ነገር መጀመሪያ ፈትነሽ አሳዪን አልኋት።

ኑሩ፣ «ጋፋት እዚህ አፍንጫችን ሥር መድፍ የተሠራበት አገር ነው። አንድ ጅራፍ ያቅተናል እንዴ?» አለ።

«መድፉን ሕፃናት አልጎተቱትም» አሉ መሪጌታ።

በመጨረሻ ፍርዱን ሰጠሁ። ጊዜዋ እስከ ቡሄ ረፋድ ነው። ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተጎትቶ ሳይበጠስ ከጮኸ ይቆማል። ከተበጠሰ ወይም ካልጮኸ ቱቦው ተቆርጦ አንበሳው ይተካል፤ እሷም ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሣም። «እስማማለሁ» አለች። ያን ቀን መቃወሜን ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ሁሉም እሺ ብሏት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ላስቲክ ትሰቅለው ነበር፤ እሱም የአንዱን ልጅ ዓይን ያጠፋ ነበር።

ፈተናውን የጀመረችው በትምህርት ቤቱ የጓሮ አጥር ላይ ነው። ከአጥሩ አግዳሚ ላይ የማይንጠለጠል ነገር አልነበረም። የእኔ ቺንጋ፣ ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ፣ የሱሪ ወገብ፣ የክራር ጅማት፣ የሴት ስቶኪንግ ሳይቀር እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበት ተሰቀለ። የነበረበትን ርዝመት በቀለም ክር ታስርበታለች፤ ጠዋት ታያለች፣ ቀትር ላይ ታያለች፣ ማታ ድንጋዩን ፈትታ መመለሱን ታያለች። በአጥሩ ሥር የሚያልፈው ሰው «የመምህርት ልብስ ማስጫ» ብሎ ስም አወጣለት። ኑሩ ስቶኪንጉን ባየ ጊዜ፣ «ይሄኛው ሐውልት ከቆመ እኔ አደባባዩን ዞሬ ነው የማልፈው፤ ሚስቴ ትጠይቀኛለች» አለ።

ከሁሉ የተሻለው የጎማው ላስቲክ ነበር። ሆኖም የእኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲያገኘው እንደ ዱላ ይደርቃል፤ ቀትር ላይ ይልመጠመጣል፤ ፀሐዩ ሲከርምበት ደግሞ ገላው እንደ ክረምት ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። አንድ ቀን እየጎተተችው ሳለ ተበጠሰና ጉንጯን ገረፋት። እኔ ስሰማ አልተገረምሁም። በማግስቱ ፊቷ ላይ ፋሻ ለጥፋ ወፍጮ ቤት መጣች።

«ጋሽ አድማሱ፣ ያሉት ደረሰ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አትተይውም?»

«እንዴት እተወዋለሁ? የሚበጠስበትን ቦታ ገና ዛሬ አገኘሁት። በተሰነጠቀበት በኩል ነው እንጂ በሙሉው በኩል አይደለም። ፀሐይና ብርድ ካልነካው አይበጠስም ማለት ነው።»

በጥፊ የተመታ ሰው የመቺውን እጅ እንዲህ ሲያደንቅ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው ጠፍር ነው። ይህን ያመጣነው እኛ ነን። መሪጌታ ከበሮ የሚለበጠው በቆዳ መሆኑን አስታወሱ። ሁላችንም የምንተኛበት አልጋ በጠፍር የተወጠረ ነው፤ አባቶቻችንም የተኙት በዚያው ነው። ከጠፍር የሚበልጥ የት ይገኛል አልን። እኔም ብያለሁ። መምህርት ዘነቡ የበሬ ቆዳ አስቆርጣ ጎነጎነችና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለሙከራ በተተከለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። በበጋው ፀሐይ እንደ ክራር ተወጠረ፤ ሲነኩት ይዘምራል። ሁላችንም እየተቀባበልን ጎተትነው፤ መሪጌታም በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው «ይኸው» አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ረገበ፤ ሸተተም። ከዚያ አንድ ጠዋት ገመዱ የለም ተባለና ሄድን። ምሰሶው አናት ላይ አንዲት የታኘከች ቁራጭ ብቻ ተንጠልጥላለች። መሬቱ በጅብ እግር ተረጋግጧል።

ዘበኛውን የት ነበርህ ብንለው፣ «ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። የኮሚቴው አባላት መስላችሁኝ ነው» አለን።

ዕድሜያችንን ሙሉ ጠፍር ላይ ስንተኛ ጠፍሩ ከቤት ውስጥ ነበር። ውጭ ቢያድር ምን እንደሚሆን ያሰበ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። መምህርት ዘነቡ ግን ምሰሶውን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«የኔታ፣ ምክርዎ ተበልቷል» አለች።

«ጅቡ ምን አለ?» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

«ጨው አንሶታል ብሏል።»

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ነገሩ ይብቃ ማለት ጀመረ። የሲሚንቶው አንበሳ ሥዕል እንደገና ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። እኔ ግን ያልሁትን ቀን አላሳጥርም አልሁ። ቀን ሰጥቶ መንሣት ያልፈተኑትን ነገር ሰው አናት ላይ ከመስቀል አይሻልም።

ክረምቱ እንደገባ ጉና ተዳፋት ላይ ዘመድ ሞቶብኝ ለልቅሶ ልሄድ ተነሣሁ። እሷ ከበቅሎዬ አጠገብ የበግ ፀጉር ባና ደርባ ቆማ አገኘኋት።

«ለልቅሶ ነው እኮ የምሄደው» አልኋት።

«እኔም አለቅሳለሁ። በጎች ደግሞ አያለሁ።»

አላሳፈረችኝም፤ ደረቷን እየመታች አልቅሳ እዝን በላች። በማግስቱ ልንመለስ ስንል ዘመዶቼ በቅሎዬ ላይ ድንች ጫኑልኝ። የጫኑበት ገመድ ከጉና በግ ፀጉር ተፈትሎ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ገመድ ነበር። መምህርት ዘነቡ ጫፉን ይዛ ሳብ አደረገችው። ተለጠጠ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። ደግማ ሳበችው። በቅሎዋ ዞር ብላ አየቻት።

የቤቱ እመቤት፣ «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው ገመድ የምታልበው?» አሉኝ።

«አስተማሪ ናት» አልሁ።

«እግዜር ይማራት» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

መንገድ ላይ ጉሙ አንድ እርምጃ ፊት አያሳይም ነበር። ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ጋሽ አድማሱ፣ እኔና እርስዎ ምን ለብሰናል?»

«ባና።»

«ለምን?»

«ብርድ ነዋ።»

«ታዲያ ላስቲኩ ለምን ራቁቱን ይቆማል?»

ከተማ እስክንገባ ድረስ በጉሙ ውስጥ እያፏጨች ነው የተከተለችኝ። እኔ ሴት ስታፏጭ አልወድም፤ ያን ቀን ግን አልተናገርኋትም።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ይህን ነው። የጎማውን ላስቲክ በቀጫጭኑ ቆረጠችና ብዙውን አንድ ላይ አደረገች። በላዩ ላይ የበግ ፀጉር ፈትሉን እንደዚያ የጉና ገመድ እየጎነጎነች አለበሰችው። ጫፉ ላይ እንደ ማንኛውም ጅራፍ የቃጫ ጭራ ቀጠለችበት። ልብሱ ፀሐዩንና ብርዱን ይከላከላል፤ ከላስቲኩ ጋር አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይመለሳል። ወፍጮ ቤት ድረስ ይዛው መጣችና፣ ፊት ለፊቴ ጉንጉኑን ከፍታ ከውስጥ አንዱን ላስቲክ በመቀስ ቆረጠችው።

«ተበጠሰ እንበል» አለችኝ። «አሁን ይጎትቱ።»

ባለኝ ኃይል ጎተትሁት። የተበጠሰው እዚያው ልብሱ ውስጥ ቀረ፤ ማንንም አልገረፈም፤ የቀሩት መለሱት።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እስካሁን ክፉ አላየሁበትም» አልኋት። ከእኔ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና እንደሆነ ታውቃለች፤ ፈገግ ብላ ሄደች።

የቡሄ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ኑሩ ቱቦውን በይዶ ጨርሶ፣ ጅራፉ ከክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ኮሚቴው ለራሱ ሊሞክረው ተሰበሰበ። ነሐሴ ነውና ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ መምህርት ዘነቡ ገመዱ እንዳይርስባት ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ጠቅልላው ነበር። ፈታችው። ከገበያ ጉልበተኛ ወዛደሮች መጥተዋል። እሷ ሄዳ ልክ ከክንዱ ሥር ቆመች።

«ዞር በይ» አልኋት።

«ነገ ልጆች የሚቆሙት እዚህ ነው» አለች፤ አልተነቃነቀችም።

ወዛደሮቹ ጭራውን ይዘው በጉልበታቸው እስኪንበረከኩ ጎተቱና ለቀቁት። ጅራፉ ወደ ሰማይ ተስፈነጠረ። አልተበጠሰም። ግን አልጮኸም። ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አሰማና ተመልሶ ተንጠለጠለ። ደገሙት፤ ያው ነው። የበለጠ ጎተቱት፤ ያው ነው።

«ሐውልቱ አነጠሰ» አሉ መሪጌታ።

ማንም አልሳቀም። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ነገ ረፋድ ላይም እንዲሁ ከሆነ ያልነው ይሆናል» አልሁ። ኑሩ አንገቱን አቀረቀረ፤ የበየደውን መልሶ የሚቆርጠው እሱ ነውና። መምህርት ዘነቡ ልመና አላቀረበችም። «ቃል ቃል ነው» አለችና ደመናው እየጠቆረ ስለሆነ ፕላስቲኳን አንሥታ ገመዱን እንደገና ትጠቀልል ጀመር። እጇ እንደ ወትሮው አልፈጠነም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩና፣ «አሁን ደግሞ ጋቢ ታለብሽዋለሽ? በእኛ ጊዜ ጅራፍ ወንዝ ውስጥ ነበር የሚያድረው» አሉ።

እጇ ፕላስቲኩ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ለምን፣ የኔታ?»

«ለምን ትያለሽ? ሲርስ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይጮኻል። ደረቅ ጅራፍ ማን አጩኾ ያውቃል?»

«ይህን ሁሉ ወር ለምን አልነገሩኝም?»

«ሐውልት ነው አላልሽም እንዴ? ሐውልት ወንዝ ውስጥ አይነከርም።»

እዚያ የቆምነው ወንዶች በሙሉ እርስ በርሳችን ተያየን። በልጅነታችን ጅራፋችንን ድንጋይ ጭነን ወንዝ ዳር ያላሳደርን አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ሌላ ልጅ ሰርቆኝ አልቅሻለሁ። የብረት ቱቦና ኮሚቴ ሲመጣ፣ ሐውልት የሚል ስም ሲሰጠው፣ ጅራፍ መሆኑን ሁላችንም ረሳነው። እሷ ደግሞ ወንድሞቿ ወንዝ ሲወርዱ ቤት ስለነበረች የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ሁሉን ነገር ጎትታ የፈተነች ሰው፣ ማንም አስነክቷት የማያውቀው ይህ ብቻ ነበር የቀራት።

ፕላስቲኩን በሁለት እጇ ቀዳ ጣለችው። ወዲያው ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ወደየጥጉ ሲሮጥ እሷ ቱቦው ሥር ቆማ የገመዱ ፀጉር ውኃ ሲጠጣ ታየው ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ ሄድሁ።

«በእርጥቡ ፈትነሽዋል?» አልኋት።

«አልፈተንሁትም።»

«ያልተፈተነ ነገር ሰው አናት ላይ አይሰቀልም ብያለሁ።»

«ያሉትን አልረሳሁም» አለች። «እንግዲያው ነገ መጀመሪያ የምጎትተው እኔ ነኝ። ከሥሩ ሌላ ሰው አይኑር።»

«ሌላ ሰው አይኖርም» አልኋት።

በማግስቱ ካፊያ ነበር። አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ በየመንገዱ የጎረምሳ ጅራፍ ይጮኻል። የእኛ ጅራፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ አድሮ ጠቁሯል፣ ረዝሟል፣ ከጭራው ውኃ ይንጠባጠባል። ሕዝቡን ወደ ኋላ አስመለስሁ። መምህርት ዘነቡ ብቻዋን ወደ መሐል ስትገባ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ሴት ናት እንዴ የምትጀምረው?» አለ አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ።

«የሠራችው ሰው ናት የምትፈትነው» አልሁት። «ከተበጠሰ የሚመታው እሷን ነው። በእሷ ቦታ መቆም ከፈለግህ ግባ።» አልገባም።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ጭራውን ይዛ ሳበች፤ እርጥቡ ከብዷት አልወርድ አላት። ዘልላ ተንጠለጠለችበት። እግሮቿ ከመሬት ተነሥተው ተወዛወዙ፤ ሰዉ ሳቀ። ትርንጎ ከተማሪዎቹ መካከል ሆና አልሳቀችም፤ አየኋት። መምህርት ዘነቡ ገመዱን ከፍ አድርጋ ያዘች፣ ደግማ ተንጠለጠለች፣ እጅ በእጅ እየተካች ወደ ታች አወረደችው። ከበግ ፀጉሩ የሚጨመቀው ውኃ በእጅጌዋ ገብቶ በክርኗ ይወርዳል። ጉልበቷ መሬት ነካ። ጅራፉ ከክንዱ እስከ እጇ ድረስ እንደ ክር ተወጥሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ዓይኔን አልነቀልሁም፤ ሰብሳቢ ነኝና ማየት አለብኝ።

ለቀቀችው።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ከተማችን ውስጥ አልተሰማም። ሰማዩ አናታችን ላይ የተቀደደ መሰለኝ። ከላይ የተረጨው ውኃ በሕዝቡ ላይ እንደ ጠበል ወረደ፤ የአንድ ነጋዴ በቅሎ ልጓሟን በጥሳ በረረች፤ አደባባዩ ዳር ካለው ዋርካ ላይ የነበሩት ወፎች በአንድነት ተነሡ። ድምፁ ሄዶ ተራራውን መታና ተመልሶ መጣ። ጎረምሶቹ የራሳቸውን ጅራፍ እንደያዙ ደንዝዘው ቀሩ። ገመዱ አልተበጠሰም። ተመልሶ በቦታው ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።

መምህርት ዘነቡ በጉልበቷ እንደተንበረከከች ሁለቱን መዳፎቿን ዘርግታ ታያቸዋለች። ክንዷ አልወለቀም። መሪጌታ ላቀው ከጃንጥላቸው ሥር ወጥተው፣ ካፊያው ጥምጥማቸውን እየመታው ወደ እሷ ተራመዱ። ሰው ሁሉ ምን ሊሉ ነው ብሎ ይጠብቃል። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አልሰማሁም» አሉ። «ድገሚው።»